መምህሬ ዊኪፔዲያን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙብኝ

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ከረሙ? እዚሁ ድሬዳዋ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር ስለ ባቡር መስመሩና ስለ ከተማችን አመሠራረት ተርም ፔፐር ጻፍኩ። እንቅልፌን አጥቼ የሠራሁት ነው። ሲመለስልኝ ከ20 ያገኘሁት 9 ሆነ። መምህሩ ሦስት ቦታ በቀይ አክብበዋል። «ድሬዳዋ በ1902 ዓ.ም. ተመሠረተች» ያልኩት ላይ የጥያቄ ምልክት አድርገዋል። የሕዝቡን ብዛት የጻፍኩበት ጎን «የመቼ? የከተማው ወይስ የአስተዳደሩ?» ብለዋል። ሪፈረንስ ውስጥ ያስገባኋቸውን የዊኪፔዲያ ሊንኮች ደግሞ ሰርዘው «ይህ ምንጭ አይደለም» ብለው ጽፈዋል። ሌላ ማብራሪያ የለም።

ላይብረሪ ሄጄ የምፈልገውን አላገኘሁም። ኢንተርኔት ላይ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ዊኪፔዲያ ነው። የክፍል ጓደኛዬ «አቦ አታካብጂ! የዊኪፔዲያን ስም አጥፊውና ከገጹ ታች ያሉትን ሪፈረንሶች ገልብጠሽ ለጥፊ። ማን ያያል?» ትለኛለች። እሷ እንደዚያ አድርጋ 16 አግኝታለች። እውነት ዊኪፔዲያ ውሸት ነው? ካልሆነ ለምን አይጠቀስም? መምህሩ ጋ ሄጄ ልከራከር ወይስ ይቅርብኝ?

ግራ የገባት፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ውድ እህቴ፣

እንቅልፍ ታጥቶበት 9 ማግኘት ያንገበግባል። በተለይ ለምን እንደሆነ ሳይነገርሽ ሲቀር። መምህርሽ ከቀዩ መስመር በታች ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍሽም ነበር። ሆኖም በዋናው ነገር ልክ ናቸው። አንቺም ዊኪፔዲያ ውሸት ነው ብለሽ ለማመን መቸኮል የለብሽም። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ።

ዊኪፔዲያ በጃንዋሪ 2001 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ፣ ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርምበት የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፔዲያ (መዝገበ ዕውቀት) ነው። አብዛኛውን ገጽ ለማረም አካውንት እንኳ አያስፈልግም። ይህን ስትሰሚ «ታዲያ ማንም ያሻውን ይጽፍበታላ!» ማለትሽ አይቀርም። ይጽፋል። ግን ሌላውም መጥቶ ያርመዋል። ደንቡም ጥብቅ ነው፦ የሚጻፈው ነገር ሌላ ቦታ ከታተመ ምንጭ የመጣ መሆን አለበት፤ የራስን አዲስ ግኝት ወይም አስተያየት ማስገባት ክልክል ነው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 የሳይንስ ርዕሶችን ከዊኪፔዲያና ብሪታኒካ ከተባለው የታወቀ ኢንሳይክሎፔዲያ ወስዶ ለባለሙያዎች አሳይቶ ነበር። በአንድ ርዕስ በአማካይ ዊኪፔዲያ ላይ 4 ያህል፣ ብሪታኒካ ላይ 3 ያህል ስህተት ተገኘ። ብሪታኒካ በውጤቱ አልተስማማም፤ አጥብቆም ተከራከረ። ያም ሆኖ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ከጠበቀው በላይ ተቀራራቢ ነበር።

ይህን ውጤት ይዘሽ መምህርሽ ጋ ለክርክር እንዳትሄጂ ግን አደራ። የተመዘነው የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ነው፤ ርዕሶቹም ሳይንስ ናቸው። እንደዚያ ዓይነት ገጽ በየቀኑ ብዙ ዓይን ያርፍበታል። ስህተት ሲገባ የሚያይ አለ። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት። የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ገደማ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ አጭር ነው። ጸሐፊውም አራሚውም ጥቂት ነው። አንድ ሰው ዛሬ እዚሁ ድሬዳዋ ስላሉት ስለ ደቻቱ ወይም ስለ ከዚራ የተሳሳተ ነገር ቢጽፍ፣ የሚያውቅ ሰው እስኪያገኘው ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

ይህ በሌላ አገር የደረሰ ነገር ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በስኮትላንድ ቋንቋ በስኮትስ የተዘጋጀው ዊኪፔዲያ ጉድ ወጣበት። በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎችን የጻፈው ቋንቋውን የማይችል አንድ አሜሪካዊ ወጣት ሆኖ ተገኘ። ልጁ የጀመረው በ12 ዓመቱ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም፤ የሚረዳ መስሎት ነው። የሚያሳዝነው ዓመታት ሲያልፉ ሃይ የሚለው ሰው መጥፋቱ ነው። ትንሽ ቋንቋ ላይ ዋናው አደጋ ይህ ነው። ያልታየ ስህተት እንደ እውነት ቁጭ ይላል። እኛም ትንሽ ነን፤ ስለዚህ በራሳችን ቋንቋ የምናነበውን ከሌላው ይበልጥ ማጣራት አለብን።

እሺ፣ ገጹ ትክክል ቢሆንስ ለምን አይጠቀስም? ሪፈረንስ የሚጻፈው አንባቢው ሄዶ ያንኑ ነገር እንዲያገኝና ለተባለው ነገር ተጠያቂ የሆነውን ሰው እንዲያውቅ ነው። ዊኪፔዲያ ላይ ዛሬ ያነበብሽው ነገ ተቀይሮ ሊጠብቅሽ ይችላል። ጸሐፊውም በስሙ የቆመ አንድ ሰው አይደለም። በዚያ ላይ ኢንሳይክሎፔዲያ በባህሪው ሌሎች ያጠኑትን አሳጥሮ የሚያቀርብ ነው። ብሪታኒካንም ብትጠቅሺ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ብዙ መምህር ደስ አይለውም። ዊኪፔዲያ ራሱ «እኔን እንደ አስተማማኝ ምንጭ አትጥቀሱኝ» የሚል ገጽ አለው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጂሚ ዌልስም ተማሪዎች ለጥናታቸው እንዳይጠቅሱት ተናግሯል። መጋላ ገበያ መንገድ ያሳየሽን ሰው ታመሰግኛለሽ፤ ደረሰኝ የምትጠይቂው ግን ባለ ሱቁን ነው። ዊኪፔዲያም መንገዱን ያሳይሽ።

አሁን ወደ ቀዮቹ ክቦች እንምጣ። እውነት ለመናገር ከሊንኮቹ ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ይበልጥ ያስተምራሉ።

የመጀመሪያው ዓመቱ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። በእኛ 1895 ዓ.ም. ነው። አንቺ ቁጥሩን በትክክል ገልብጠሽ ጎኑ ላይ «ዓ.ም.» ጨመርሽበት፤ ከተማዋም በሰባት ዓመት ዘግይታ ተወለደች! ዊኪፔዲያ ላይ ምንም ስህተት ሳይኖር አንቺ ወረቀት ላይ ስህተት ተፈጠረ። እንዲህ ያለው ነገር በጣም ይበዛል። አማርኛ ገጾች ላይ ሁለቱ አቆጣጠሮች ተቀላቅለው ታገኛቸዋለሽ፤ አንዳንዴም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ይዘለላል። ስለዚህ ዓመት ባየሽ ቁጥር «በየትኛው አቆጣጠር?» ብለሽ ጠይቂ። ከሴፕቴምበር 11 ገደማ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ 7 ቀንሺ፤ ከጃንዋሪ እስከ መስከረም ዋዜማ ከሆነ 8። ምሳሌ ልስጥሽ። አፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በማርች 1894 ነው። 8 ትቀንሺና 1886 ዓ.ም. ይሆናል። ወሩን ካላወቅሽ ደግሞ አትገምቺ፤ «እ.ኤ.አ.» ብለሽ እንዳለ ተዪው።

በዚያው ላይ «ተመሠረተች» የሚለውም ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲሄድ ነበር የታሰበው። ተራራው ዳገት ሆነና ባቡሩ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። አዲሷ ጣቢያም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 (እ.ኤ.አ.) ፈጅቷል። ይህን በሁለት መስመር ብታስገቢው ወረቀትሽ «በዚህ ዓመት ተመሠረተች» ከሚል ደረቅ ዓረፍተ ነገር ይወጣና ለምን እዚህ ቦታ እንደተቆረቆረች የሚናገር ይሆናል። ጥናት የሚያሰኘው ይህኛው ነው።

ሁለተኛው የሕዝቡ ቁጥር ነው። የመምህርሽን ጥያቄ በጣም ወድጄዋለሁ። በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር። ከዚህ ውስጥ በከተማው የሚኖረው 233,224 ነው፤ ቀሪው በገጠር ቀበሌዎች ነው። ሁለቱም ቁጥሮች «የድሬዳዋ ሕዝብ» ተብለው ተጽፈው ታያለሽ፤ ልዩነታቸው ግን ከ100 ሺህ በላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የምታገኚው ከፍ ያለ ቁጥር ሁሉ ቆጥረው ያገኙት ሳይሆን ትንበያ ነው። ትንበያ መጠቀም ነውር የለውም። «ትንበያ ነው፤ የዚህ ዓመት ነው፤ ያወጣውም የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ነው» ብለሽ መጻፍ ግን ግዴታሽ ነው።

ከቁጥር ጋር አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ገጽ ያረጃል። ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጪ ሐረማያ ሐይቅን ታልፊያለሽ። ብዙ ቦታ «ደርቋል» ተብሎ ተጽፏል፤ በተጻፈ ጊዜም እውነት ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ውሃው ተመልሷል፤ ከሚኒባሱ መስኮት ታይዋለሽ። ስለ ሐይቁ የምትጽፍ ተማሪ ገጹን ብቻ አምና ብትጽፍ ለዓይኗ ምን ልትለው ነው?

አሁን ወደ ጓደኛሽ ምክር። እህቴ፣ ይህን አታድርጊ። ያልከፈትሽውን መጽሐፍ «አንብቤያለሁ» ብሎ መፈረም ነው። ሪፈረንስ ስትጽፊ ቃል እየሰጠሽ ነው፤ ያላየሽውን አየሁ ብለሽ መመስከር ደግሞ ዊኪፔዲያን ከመጥቀስ በጣም ይከፋል። ዊኪፔዲያን የጠቀሰች ልጅ ቢያንስ ከየት እንዳገኘችው እውነቱን ተናግራለች። ስለዚህ በእኔ ዓይን 9 ያገኘሽው አንቺ ከጓደኛሽ ይልቅ ሐቀኛ ነሽ።

ከሐቀኝነቱም ባሻገር ያስይዛል። ስለ ምድር ባቡሩ የተጻፈው ብዙው ነገር በፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛ የማታነብ ልጅ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ከነገጹ ስትጠቅስ መምህሩ ዝም ካሉ አንድ ጊዜ አልፈዋት ነው። ፕሬዘንቴሽን ላይ «እዚያ ገጽ ላይ ምን ይላል?» ቢሏት ምን ትመልሳለች? ሌላም አለ። የግርጌ ማስታወሻው እዚያ መኖሩ የተባለውን ይደግፋል ማለት አይደለም። ከፍተሽ ስታይው ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ዓመቱ ሌላ ነው፤ ወይም ሊንኩ ሞቷል። ከፍቶ ያላየ ይህን አያውቅም። ዋናውን ጭራሽ ማግኘት ካቃተሽ ጨዋው መንገድ ያነበብሽውን መጽሐፍ ጠቅሰሽ «እገሌ፣ በእገሌ እንደተጠቀሰው» ብለሽ መጻፍ ነው። መምህራን ይህን ያውቁታል፤ ይቀበሉታልም።

ታዲያ ገጹን እንዴት ትጠቀሚበት? መጀመሪያ አንድ ጊዜ ለጠቅላላ ግንዛቤ አንብቢው። ስሞቹን፣ ዓመቶቹን፣ ቦታዎቹን ማስታወሻሽ ላይ ያዢ። እነዚህ በኋላ ጉግል ስኮላር (የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይ የምትፈልጊባቸው ቃላት ናቸው። ቀጥሎ ወደ ታች ውረጂና ምንጮቹን እያቸው። አሥር አንቀጽ ሆኖ ሁለት ምንጭ ብቻ ካለው ተጠንቀቂ። «ሳይቴሽን ኒድድ» (ምንጭ ያስፈልገዋል) የሚል ምልክት ካለበት ዓረፍተ ነገር ላይ ምንም አትገንቢ። ከዚያ «ሂስትሪ» የሚለውን ንኪው፤ በስልክም ይሠራል። ገጹ መቼ እንደተነካ፣ ማን ምን እንደጨመረና ምን እንደተሰረዘ አንድ በአንድ ይታያል። ትናንት ስም በሌለው ሰው የገባ ትልቅ ለውጥ ካየሽ ነገሩ ገና አልረጋም ማለት ነው። «ቶክ» የሚለው ደግሞ አራሚዎቹ የሚከራከሩበት ነው። ስለ ብሔር፣ ስለ ወሰን፣ ስለ ጦርነት የሚያወሩ ገጾችን እዚያ ሳትገቢ አትመኚ፤ ያልተስማሙበት ነገር ሁሉ እዚያ ተዘርግቶ አለ። ሊንኩ ሞቶ ካገኘሽው አድራሻውን ዌይባክ ማሽን በሚባለው የድሮ ድረ ገጾች ማኅደር ላይ አስገቢው፤ ብዙ ጊዜ የድሮውን ቅጂ ያወጣልሻል።

«አሥር ቦታ አየሁት፤ ስለዚህ እውነት ነው» በሚለውም እንዳትሸወጂ። ሐረር ጁገል ውስጥ ያለውን «የራምቦ ቤት» ታውቂዋለሽ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እዚያ ይኖር ነበር እየተባለ ስንት ቦታ ተጽፏል! ራምቦ ሐረር የኖረው በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በ1891 ማርሴይ ላይ ሞተ። ያ ውብ የእንጨት ቤት ግን ከእሱ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ሙዚየሙ መልካም ነው፤ ሄደሽ ብታይው ደስ ይለኛል። ሰውየው ኖሮበታል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱ ከአንዱ ሲገለባበጥ አሥሩ ገጽ አንድ ምስክር ብቻ ይሆናል። አንዳንዴ ጋዜጣ ከዊኪፔዲያ ይወስዳል፤ ዊኪፔዲያ ደግሞ ተመልሶ ያንኑ ጋዜጣ ምንጭ ያደርገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ተናጋሪ ማን እንደሆነ እስክታገኚ ወደ ኋላ ሂጂ።

ቻትጂፒቲን ልትጠይቂኝ እንደምትችዪ አውቃለሁ። ለማብራሪያ ይረዳሽ ይሆናል። ሪፈረንስ ግን አትጠይቂው፤ የሌለ መጽሐፍ ከነደራሲውና ከነዓመቱ ፈጥሮ ሊሰጥሽ ይችላል። ዊኪፔዲያ ቢያንስ ከየት እንዳመጣው ከታች ያሳያል።

ላይብረሪ አላገኘሁም ላልሽው፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። መጽሐፉ አንድ ቅጂ ሆኖ እሱም በሰው እጅ ይሆናል። እነዚህን ሞክሪ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ጥናቶቹን ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧል፤ ስለ ድሬዳዋና ስለ ሐረር የተሠሩ ጥናቶችን እዚያ ፈልጊ። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የሚታተመው አናል ዴቲዮፒ የተባለው መጽሔት የድሮ እትሞቹ ፔርሴ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይነበባሉ፤ በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም የተጻፉ አሉበት። ላይብረሪ ውስጥ ደግሞ ኢንሳይክሎፔዲያ ኢቲዮፒካ ይኖር እንደሆነ ጠይቂ። ከ2003 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) በ5 ቅጽ የታተመ ነው፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ በባለሙያው ስም የተፈረመ ሲሆን የምንጭ ዝርዝርም አለው። የዳታ ነገር ካስቸገረሽ ኪዊክስ የሚባል አፕ ዊኪፔዲያን አውርደሽ ያለ ኢንተርኔት እንድታነቢ ያደርግሻል። ያወረድሽበትን ቀን ግን አትርሺ።

አንቺ ደግሞ ሌላው የሌለው ነገር አለሽ። ርዕስሽ ደጅሽ ነው። የምድር ባቡር ጡረተኞች እዚችው ከተማ አሉ። አንዱን አባት ፈልገሽ፣ አስፈቅደሽ፣ ድምፃቸውን ቅጂ። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ምን ሥራ ላይ እንደነበሩና የተነጋገራችሁበትን ቀን ጻፊ። ስለ 1895 ሊነግሩሽ አይችሉም፤ ስለ ዎርክሾፑ፣ ስለ ደመወዙ፣ ባቡሩ ሲገባ ጣቢያው ምን ይመስል እንደነበር ግን ምንም ገጽ ላይ የሌለ ነገር ታገኛለሽ። ይህ ራሱን የቻለ ምንጭ ነው፤ በአግባቡ ከጠቀስሽው መምህርሽም አይሰርዙትም።

ስትጨርሺ የአማርኛውን የድሬዳዋ ገጽ ክፈቺና እየው። የተምታታ ዓመት ካገኘሽ አስተካክዪው፤ ምንጭሽንም ከታች አስገቢ። ከአንቺ ቀጥላ ስለ ድሬ የምትጽፍ ልጅ አለች።

መምህርሽን በተመለከተ ሂጂ፤ ለክርክር ግን አይሁን። መጀመሪያ ዓመቱን አስተካክዪ። ቁጥሩን ከቆጠራው ሪፖርት ጋር አመሳክሪ። ሊንካቸው በተሰረዘው የዊኪፔዲያ ገጾች ግርጌ ያሉትን ምንጮች ከፍተሽ ያነበብሽውን ብቻ ጻፊ። ያን ገጽ ይዘሽ በቢሮ ሰዓታቸው ግቢና «መምህር፣ ስህተቴን አይቼዋለሁ፤ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፤ ቢያዩልኝና ቢፈቅዱልኝ ድጋሚ ላስገባ» በያቸው። ማርኩን አትጥቀሺ። እምቢ ካሉም ለሚቀጥለው ወረቀትሽ የትኛውን ምንጭ እንደሚቀበሉ ጠይቂያቸውና ጽፈሽ ውጪ።